ምልክት የማይተው መርፌ

ፍሪጅ ሠሪው ከባድ ዕቃ እንዳያነሳ የከለከለችው ታላቅ እህቱ ናት። በዚያ ቤተሰብ ውስጥ ደግሞ የእትዬ ቃል ይግባኝ የለውም። ለታናሽ ወንድማቸው አንድ ኩላሊቱን ሊሰጥ አምስት ሳምንት ሲቀረው ሱቁ ድረስ መጣች። ባለ ሁለት በር ፍሪጅ አቅፎ በጉልበቱ ሲገፋ አገኘችው።

«ልቀቀው» አለችው። «አሁን እኮ የተሸከምከው የራስህን ገላ ብቻ አይደለም።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ፍሪጅ የሚያመጡ ሰዎች ራሳቸው ተሸክመው ያስገባሉ፣ ራሳቸው ተሸክመው ያወጣሉ። ሰፈሩ ሁሉ ወሬውን ሰምቷል። መንገድ ላይ ቆም ብለው ያሳልፉታል፤ ሻይ ቤት ሲገባ ወንበር ይለቁለታል። እሱም እየሳቀ፣ «ቀኑ እስኪደርስ የሚቀለብ ሠንጋ አደረጋችሁኝ እኮ» ይላቸዋል።

ሳቁ የቆመው ማክሰኞ ዕለት ነው፤ ቀጠሮው ሦስት ሳምንት ሲቀረው።

የንቅለ ተከላ አስተባባሪዋ ደውላ ብቻውን እንዲመጣ ነገረችው። ቢሮዋ ጠባብ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ እስከ ጣሪያ የተቆለለ ፋይል፣ የማይከፈት መስኮት። ከገባ በኋላ በሩን ዘጋችው። ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ ሲመላለስ ዘግታው አታውቅም። በሩ ሲዘጋ ነገሩ ገባው። ምን እንደሆነ ባያውቅም መጥፎ መሆኑን አወቀ።

«በመጨረሻው ስካን የግራ ኩላሊትዎ ላይ ትንሽ እጢ ታይቷል» አለችው። «ሁለት ነጥብ ሦስት ሴንቲ ሜትር ነው፤ የወይን ፍሬ ያህል። ካንሰር ሳይሆን አይቀርም። ግን በዚህ መጠን ሲገኝ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ለወንድምዎ ብለው ባይመረመሩ ኖሮ ለዓመታት አያውቁትም ነበር።»

«ቀኙንስ መስጠት አልችልም?» አለ ወዲያው። ስለ እጢው ሳይጠይቅ ስለ ቀኙ መጠየቁ ለራሱም ገረመው።

«ጤነኛውን ሰጥተው ይኼን ይዘው ሊቀሩ? አይሆንም።»

አስተባባሪዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ለወንድምዎ ‹ለጋሹ አልተስማማም› ብቻ ነው የምንለው። ለምን እንደሆነ አንናገርም። ቢጠይቁንም አንናገርም። ፋይሉ የእርስዎ ነው።»

ይህን ያለችው ለደግ ነው። ሆስፒታሉ ይቺን ቃል ያዘጋጀው ቤተሰብ ከቦ ላመጣቸው ሰዎች ነው፤ እምቢ የሚሉበት አፍ አጥተው መጥተው፣ ምርመራ ክፍል ውስጥ ለብቻቸው ሲሆኑ «አልፈልግም» ብለው ለሚያለቅሱ። ለእነሱ በጓሮ የተከፈተች በር ናት። ችግሩ በሯን ሰው ሁሉ ማወቁ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ አራት አራት ሰዓት የኩላሊት እጥበት ማሽን ላይ ታስረው የሚውሉት በሽተኞች ቀልድ አድርገዋታል። ወንድሙ ነው ያጫወተው። አንዱ «የእኔ ለጋሽ አልተስማማም አሉኝ» ያለ እንደሆነ፣ ሌላው «ሸሸ በለና» ይለዋል። በዓመቱም «ያ ያልተስማማው አጎትህ ደህና ነው?» እያሉ ይጠያየቃሉ።

«እንደሱ አትበሉልኝ» አለ ፍሪጅ ሠሪው።

«ታዲያ ምን እንበልልዎ?»

እስከ ሰኞ ለማንም ምንም እንዳይናገሩ ለምኗት ወጣ።

ሌላ ሰው ቢሆን እውነቱን ተናግሮ ይገላገል ነበር። እሱ ግን ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ታሟል፤ ሳይታመም።

ታናሽ ወንድሙ የሂሳብ መምህር ነው። ከዓመት ተኩል በፊት ተማሪዎቹ ፊት ቆሞ ሲያስተምር ወደቀ፤ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ ማቆማቸው ታወቀ። ቤተሰቡ ተያየ። አባትና እናት የሉም። እትዬ ስኳር አለባት። ዓይን ሁሉ እሱ ላይ አረፈ። የዚያን ቀን ቤቱ ሲገባ ሚስቱ የደረቀ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ጀርባዋን እንደሰጠችው፣ «ደም ግፊት ያለበት ሰው አይሰጥም አሉ» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ እሱም አልጠየቃትም። በማግስቱ እትዬ ቤት ሄዶ ግፊት አለብኝ አለ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእሱ ግን እያደር ከበደው። እትዬ ቤት በተበላ ቁጥር ለእሱ ጨው ያልነካው ምግብ ለብቻው ይቀርብለታል፤ ስምንት ወር ሙሉ አንገቱን ደፍቶ በላ። ይባስ ብሎ መምህሩ አንድ ቀን ከእጥበት ሲመለስ፣ እግሩ እየተብረከረከ መድኃኒት ቤት ጎራ ብሎ፣ ክንድ ላይ የሚጠለቅ የግፊት መለኪያ ገዝቶ አመጣለት። ከደብተር ጋር ነው። ቀን፣ ጠዋት፣ ማታ ብሎ በማስመሪያ አስምሮለታል። «እየለካህ ጻፍ ጋሼ፤ በየሳምንቱ አየዋለሁ» አለው። ፍሪጅ ሠሪው ሁለት ሳምንት ከራሱ እያመነጨ ቁጥር ሞላበት። በሦስተኛው ሳምንት ደብተሩን አልቻለውም። ወንድሙ ዘንድ ሄዶ፣ «ግፊቱ ለቀቀኝ፤ እኔ እሰጥሃለሁ» አለ። ቤቱ በደስታ ተናወጠ። ግፊት እንዴት እንዲህ ጥሎ እንደሚሄድ ማንም አልጠየቀም።

አሁን ደግሞ ካንሰር።

ማክሰኞ ከሰዓት ለሚስቱ ሲነግራት ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ስለዚህ ማልቀሷን መጀመሪያ ላይ አላወቀም።

«ይገድላል?» አለች።

«አይገድልም አሉ። በመርፌ የሚያክሙት መንገድ አለ። በማግስቱ ቤትህ ትገባለህ አሉኝ።»

«ተመስገን።»

«ለምኑ ነው ተመስገን?»

«ለመርፌው ነዋ። ቢላ ሳይነካህ—» ያለችውን ራሷ ሰማችውና ቢላዋን አስቀመጠች።

«እስቲ እትዬን ሁኚና ስሚኝ» አለ። «እጢ ወጣብኝ። የት? ልሰጥ የነበረው ኩላሊት ላይ። መቼ? ልሰጥ ሦስት ሳምንት ሲቀረኝ። ታዲያ ምን አደረጉህ? በመርፌ ወጉኝ። የታለ? ይኸው፣ ይቺ ነጥብ። በሳምንቱ ሱቄ ገባሁ።»

ሚስቱ አሰበችበት። አንዳንዴ ባትናገር በሚሻልበት ሰዓት እንኳ እውነት የምትናገር ሴት ናት። «እኔም አላምንህም» አለች።

«አየሽ።»

«ያን ግፊት ያመጣሁብህ እኔ ነኝ።»

«አንቺ ተናገርሽ እንጂ የታመምኩት እኔ ነኝ።»

ረቡዕ ሥጋ ቤት ተጠራ፤ የማቀዝቀዣውን ብርድ የሚያቆመው ቴርሞስታት አልቆርጥ ብሎ ሥጋው ድንጋይ ሆኗል። ባለሥጋ ቤቷ ምላሷ ስለት ነው፤ ድሮ «ጋዝ ሞላሁ ይላል፣ ወሬ ነው የሚሞላው» እያለች ሰው ፊት ታሳጣው ነበር። አሁን ወንበር አወጣችለት።

«ቁጭ ብለህ ሥራ። እናንተ፣ ይኼን ሰው አያችሁ? ወንድም ማለት እንዲህ ነው» አለች ተሰልፈው ለቆሙት።

«ተይ እንጂ፣ ገና ምኑ ተደረገና» አለ መፍቻውን እያገላበጠ።

«ፊትህ ምነው ጠቆረ? ፈራህ እንዴ?»

«አልፈራሁም።»

«ብትፈራም አይፈረድብህም። ዋናው አትሸሽም። የባለቤቴን ዘመድ ታውቀው የለ? እህቱን እንዲያ ተስፋ ሰጥቶ ሰጥቶ በመጨረሻ ‹አልተስማማም› ተባለ። አሁን በየሳምንቱ ኳስ ይጫወታል። ቀይ ሆኗል፣ አምሮበታል። አልተስማማም አሉን፤ እኛም ተስማማን።»

ሰልፈኛው ሳቀ። ፍሪጅ ሠሪው አንገቱን ማቀዝቀዣው ውስጥ ከቶ ሥራውን ቀጠለ። የሚሠራው ነገር ካለቀ በኋላም ጥቂት እዚያው ቆየ።

ሐሳቡ ከአንዲት ሴት ላይ አልነሳ ያለው ያን ዕለት ነው። እጥበት ክፍሉ ደጃፍ ላይ አንድ ቀን አይቷታል። ለባሏ የሰጠች ሴት ናት። ለሚጠይቋት ሰዎች ሸሚዟን ገለጥ አድርጋ ስታሳይ፣ ከጎድኗ ተነስቶ ወደ ሆዷ የወረደ፣ የአንድ ክንድ ግማሽ የሚሆን ጠባሳ አየ። ያየው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። ጠባሳ ምስክር አይሻም፤ ራሱ ምስክር ነው።

ሐሙስ የምታክመው ሐኪም ዘንድ ቀረበ። በስካን እየተመራች በመርፌ የምታክም የራጅ ሐኪም ናት፤ ወጣት፣ የጋውኗን እጅጌ እስከ ክርን የሰበሰበች። ኮምፒውተሩን ወደሱ አዞረችለት። ኩላሊቱ ግራጫ ሆኖ ይታያል፤ ጠርዙ ላይ ጉብ ያለች ነገር አለች።

«ይቺ ናት። ቦታዋ ጥሩ ነው፤ ወደ ጀርባ ስለሆነች አንጀትዎን ሳንነካ እንደርስባታለን። ምንም ሳናደርግ በየጊዜው ስካን እያነሳን መከታተልም ይቻላል፤ ለሽማግሌ ሰው ብዙ ጊዜ ያንን እመርጣለሁ፤ እርስዎ ግን ገና ነዎት። ወይም ቀዶ ሐኪም በትናንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መቁረጫ አስገብቶ እጢዋን ብቻ ከኩላሊቱ ላይ ቆርጦ ያወጣታል። ወይም እኔ በጀርባዎ በኩል ቀጫጭን መርፌዎች አስገብቼ እዚያው ባለችበት አቀዘቅዛታለሁ። እዚያው ትሞታለች፤ ሰውነትዎ ቀስ በቀስ ይበላታል። ወንድሜ ቢሆኑ ይኼን ነው የምልዎት።»

«ትልቁስ?»

«የቱ ትልቁ?»

«ጎን ተከፍቶ የሚሠራው።»

«እሱ እጢው ሲያድግና ሌላ መንገድ ሲጠፋ ነው።»

«ብፈልገውስ?»

ወንበሯን ወደሱ መለሰች። ምክንያት እየጠበቀች መሆኗን አይቶ በእጁ ያለውን ምክንያት አቀረበ።

«እንግዲህ ዶክተር፣ እኔ የቅዝቃዜ ሰው ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ፍሪጅ ሠርቻለሁ። ብርድ ያቆያል እንጂ አይገድልም። ሥጋውን፣ ወተቱን፣ ሁሉን የሚያቆየው እሱ ነው። እናንተ ይቺን ስታቀዘቅዟት ታንቀላፋለች፤ ሲሞቃት ትነሳለች።»

«አንዴ ቀዝቅዞ፣ ቀልጦ፣ እንደገና የቀዘቀዘ ሥጋስ እንዴት ይሆናል?»

«እሱማ ይበላሻል። ውሃውን ይተፋል፤ ይበጣጠሳል። ለደንበኛ ሁሉ የምናገረው ነው፤ ያቀለጣችሁትን መልሳችሁ አታስገቡ።»

«እኛም የምናደርገው እሱን ነው። አሥር ደቂቃ ያህል እናቀዘቅዛታለን፣ እናቀልጣታለን፣ ደግመን እናቀዘቅዛታለን።»

«በምን ጋዝ?»

«በአርጎን።»

«የብየዳው አርጎን?»

«እሱ ራሱ። በመርፌው ጫፍ ውስጥ በጠባብ ቀዳዳ ሲለቀቅ ይቀዘቅዛል።»

ፍሪጅ ሠሪው ሳይወድ በግዱ ወደደው። በጠባብ ቀዳዳ አልፎ ሲሰፋ የሚቀዘቅዝ ጋዝ እንጀራው ነው፤ አሳምሮ ያውቀዋል። ክርክሩ እዚያ ላይ አለቀበትና እውነተኛው ጥያቄ ብቻ ቀረ።

«ጠባሳው ስንት ይሆናል? የትልቁ።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ምን ያህል ያንሳል ብሎ ነው። ምን ያህል ይተልቃል ያለኝ እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት።»

«የሚታይ ነገር ነው የምፈልገው።»

«ለማን የሚታይ?»

ዓይኑን ወደ ኮምፒውተሩ መለሰ።

«ወደ ቀዶ ሐኪሙ ልጽፍልዎ እችላለሁ፤ መብትዎ ነው» አለች። «ግን ሊደሙ ይችላሉ፣ ቁስሉ ሊያመረቅዝ ይችላል፣ ሙሉ ኩላሊቱንም ሊያጡ ይችላሉ። ሳምንታት ይተኛሉ። ይኼን ሁሉ ለበሽታው ብለው ቢሆን እሺ። እስከ ሰኞ ያስቡበት።» የስካኑን ውጤት ማህተም አድርጋበት ሰጠችው። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ በደረት ኪሱ ከተተው።

ቅዳሜ መምህሩን ወደ እጥበት የሚያደርሰው እሱ ነው። ክፍሉ ውስጥ ስድስት ወንበሮች ፊት ለፊት ተደርድረዋል። መምህሩ ግራ ክንዱን ዘርግቶ ተቀመጠ፤ ሁለት መርፌ ገባለት፤ ደሙ በአንዱ ቱቦ ወጥቶ በሌላው ይመለስ ጀመር። አጠገቡ ያለው በሽተኛ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሁሉ «ተሳፋሪ» እያለ ይጠራል።

«ለጋሻችን መጣ» አለ ሾፌሩ። «ቁጭ በል። ጉዞው አራት ሰዓት ነው፤ መሃል ላይ ወራጅ የለም።»

ፍሪጅ ሠሪው ይህን ቦታ የመረጠው ወንድሙ ተነስቶ መሄድ ስለማይችል ነው። ከተቀመጠ በኋላ ግን እሱም መነሳት እንደማይችል ገባው።

«አንድ ነገር ልነግርህ ነበር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ጮክ በል ጋሼ፤ ማሽኑ ይጮሃል።»

ጮክ አለ። ሾፌሩ ወዲያው ዓይኑን ጨፈነ። ስለ ስካኑ፣ ስለ እጢው፣ ስለ መርፌው፣ በማግስቱ ቤት ስለመግባቱ፣ ሁሉንም ተናገረ። ሲናገረው ለራሱ ጆሮ እንኳ የተፈበረከ ነገር መሰለው። መምህሩ ጣሪያውን እያየ አዳመጠ፤ ካበቃም በኋላ ጣሪያውን ማየቱን አልተወም።

«ይኼ ስንተኛው ነው?» አለ በመጨረሻ።

ፍሪጅ ሠሪው ወረቀቱን አወጣ። መምህሩ በነፃው እጁ ሊዘረጋው ሞከረ፤ አልሆነለትም። ስለዚህ ታላቅ ወንድሙ ተነስቶ ወረቀቱን በሁለት እጁ ወጥሮ ፊቱ ላይ ያዘለት። መምህሩ ፈተና እንደሚያርም ሰው ከላይ ጀምሮ መስመር በመስመር አነበበ። አንድ ቦታ ላይ ተመልሶ አነበበ። ቀኑን አየ። ማህተሙን አየ። የፍሪጅ ሠሪው ክንድ መዛል ጀምሮ ነበር፤ ግን አላወረደውም።

«ይኼ እንኳ ወረቀት አለው» አለ መምህሩ። «የዚያን ጊዜው ግፊት ወረቀት ነበረው?»

«አልነበረውም።»

«ያልነበረው ወረቀቱ ነው ወይስ ግፊቱ?»

ፍሪጅ ሠሪው ወረቀቱን አወረደው።

«ግፊቱ።»

«ደብተሩ ላይ የጻፍካቸውስ? ጠዋት መቶ አርባ ስምንት፣ ማታ መቶ አርባ አራት።»

«ከራሴ ናቸው።»

«ደህና ቁጥሮች ነበሩ» አለ መምህሩ። «ማታ ማታ ሲቀንስልህ ደስ ይለኝ ነበር።»

ይህን ያለው ሳይቆጣ ነው። ቢቆጣ ይሻል ነበር። ፍሪጅ ሠሪው ወረቀቱን አጠፈና ፈጠን ብሎ፣ «መርፌውን ትቼ ትልቁን ቀዶ ሕክምና ልጠይቅ ነው። ጎኔን ይክፈቱት» አለ።

«ለምን? መርፌው አይሠራም?»

«ይሠራል።»

«ታዲያ?»

«እንዲታይ ነው።»

መምህሩ ሳቀ። ሳቁ ክንዱን አንቀሳቀሰውና ማሽኑ ጮኸ። ነርሷ መጥታ «ይረጋጉ እንጂ መምህር» ብላ አንድ ቁልፍ ነክታ ዝም አሰኘችው። እስክትሄድ ጠበቀ። ንግግሩን ሲቀጥል ከሳቁ ምንም አልቀረም።

«እንግዲህ ያ ጠባሳ የማን ይሆናል? የእኔ አይደለም? እድሜ ልኬን ባየሁት ቁጥር ላዝንልህ ነው። እኔ የሰለቸኝ ምን እንደሆነ ታውቃለህ ጋሼ? ማመስገን። ላደረሰኝ አመሰግናለሁ፤ ውሃ ላቀበለኝ አመሰግናለሁ። አንተንማ ገና ሳትሰጠኝ ስንት ጊዜ አመሰገንኩህ። እዚህ ተቀምጬ ደሜ ሲዞር፣ ከሰጠኸኝ በኋላ ከዚህ በላይ እንዴት አድርጌ እንደማመሰግንህ ነበር የማስበው፤ ቃል አጥቼ። አሁን ደግሞ ላልሰጠኸኝ ኩላሊት ጠባሳህን ላመስግን?»

«እንድታምነኝ ብዬ ነው።»

«ወረቀቱን አምኜዋለሁ። አንተን እንጃ፤ ገና አላወቅኩም። ግን በመርፌው ታከም።»

«እትዬስ?»

«እትዬን ለእኔ ተዋት።»

«ሰው እንዴት ጎኑን ካልተቀደድኩ ብሎ ይለምናል» አለ ሾፌሩ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«እርስዎ ተኝተዋል» አለው መምህሩ።

«ተኝቻለሁ» አለ ሾፌሩ።

ጉዞው ገና ሦስት ሰዓት ይቀረው ነበር። ፍሪጅ ሠሪው ወጥቶ መኪናው ውስጥ ሊጠብቅ ይችል ነበር። ግን ቁጭ ብሎ የማሽኑን ቁጥር ሲያይ ዋለ። አንዴ መምህሩ ከንፈሩ ደረቀበትና ወደ ብርጭቆው አገጩን ቀሰረ። ፍሪጅ ሠሪው ውሃውን አቀበለው። መምህሩ ጠጣ። አላመሰገነውም።

ሰኞ ዕለት ለመርፌው ፈረመ። አስተባባሪዋንም፣ «‹አልተስማማም› አትበሉ፤ ያለውን እንዳለ ጻፉት» አላት። ሐሙስ ጠዋት በሆዱ አስተኙት። ሰውነቱ የስካኑ ቀለበት ውስጥ ገባ፤ ፊቱ ወደ ጎን ዞሮ የሚያየው የግድግዳውን ሶኬትና የሐኪሟን ጫማ ብቻ ነው። ጀርባውን አደነዘዙት። እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት ሰጡት፤ እንቅልፍ ግን አልወሰደውም።

«እንዳይንቀሳቀሱ» አለች ሐኪሟ። «ትንፋሽ ይያዙ። እሺ፣ ይልቀቁ።»

የሆነ ነገር ጎኑን ገፋው። ጋዙ ሲለቀቅ ያን የሚያውቀውን ቀጭን ፉጨት ሰማ።

«መገጣጠሚያውን በሳሙና ውሃ ፈትሻችሁታል?» አለ።

«ምኑን?» አለች ነርሷ።

«ጋዝ እንዳያመልጥ።»

«አይናገሩ አባቴ።»

አፍንጫውን በላው፤ ማከክ አይችልም። ውስጡ ቀስ እያለ የከበደ ጠጠር የተቀመጠ መሰለው። ጫማዎቹ ሄዱ፣ መጡ፤ ስካኑ ዞረ፤ አንድ ሰው ደቂቃ ይቆጥር ነበር። ሁለተኛውን ፉጨት ሲሰማ እጢዋ አሁን እየተበላሸች ነው ብሎ አሰበ፤ ከዚያ በላይ ትልቅ ሐሳብ አልመጣለትም። ቀትር ሳይሆን አበቃ። ሦስት መርፌ ነበር የገባው፤ በላዩ አንድ ፕላስተር ተለጠፈ።

በማግስቱ ከሰዓት ቤቱ ተኝቶ ሳለ እትዬ መጣች። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ አልጋው አጠገብ ቆመች።

«ዙር» አለችው።

ወደ ግድግዳው ዞረ። ሸሚዙን ገለጠች፤ ፕላስተሩን ከአንድ ጠርዙ አነሳችው። ፊቷን ማየት አይችልም። ጣቷ ብቻ ከቁስሉ ራቅ ብሎ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቦታ ሲያርፍ ተሰማው።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

ፕላስተሩን መልሳ ለጠፈች፤ ጠርዙ እንዳይነሳ በአውራ ጣቷ ደጋግማ ዳበሰችው። ሸሚዙን አወረደችለት።

«ያማል?»

«እንደተመታ ሰው ነው።»

«እንግዲህ ይማርህ። ወንድምህ አትጠይቂው ብሎኛል፤ አልጠይቅህም። ማንም እንዳይጠይቅህ ለዘመዱ ሁሉ ነግሬአለሁ። ነገሩ አልቋል።»

ይህንንም ያለችው ለደግ ነው። ፍሪጅ ሠሪው ግድግዳውን እያየ የሚመጡትን ዓመታት አያቸው። ሰው ቤት ሲገባ ይነሱለታል፤ ደህንነቱን ይጠይቁታል፤ ስለ ፍሪጅ፣ ስለ ዝናብ ያወሩታል። በእያንዳንዱ ሰው ሆድ ውስጥ ግን ፍርዱ ተሰጥቶ ይቀመጣል። ያልተጠየቀ ሰው ደግሞ መልስ የለውም።

«ጠይቂኝ» አለ።

«ደክሞሃል፤ ተኛ።»

«እትዬ፣ ጠይቂኝ።»

«ምኑን ብዬ? በቃ አልኩህ እኮ።» ወደ በሩ ዞረች።

በክንዱ ተደግፎ ተነስቶ ተቀመጠ። ጎኑን ወጋው። ሚስቱ ውሃ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ አንድ እግሯ ውስጥ፣ አንድ እግሯ ውጭ።

«ግፊት አልነበረብኝም» አለ። «ያን ጊዜ። አንድም ቀን አልነበረብኝም።»

እትዬ ጀርባዋን እንደሰጠችው ቀጥ አለች።

«ቃሉን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለች ሚስቱ። ማንም ወደሷ አላየም።

እሱ ቀጠለ። ልብሱ ከታጠፈበት ቀን ተነስቶ፣ እትዬ ቤት የበላውን ጨው አልባ ምግብ፣ ደብተሩ ላይ የሞላቸውን ቁጥሮች፣ የተዘጋውን በር፣ ሐኪሟን ለትልቅ ጠባሳ መለመኑን፣ አንዱንም ሳያስቀር ተናገረ። ራሱን ደህና አድርጎ ሊያሳይ በሚችልበት ቦታ ላይ እንኳ አልቆመም። ትንፋሹ እየተቆራረጠ ነበር የሚያወራው፤ ጎኑን በመዳፉ ይዞ። እትዬ በመሃሉ ዞረች። አልተቀመጠችም፤ አልሄደችምም። የቦርሳዋን ማንገቻ በሁለት እጇ ጨብጣ ቆማ ትሰማው ነበር።